ከትናንት ጀምሮ

ሥራ አስኪያጁ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ ነበር ስልክ የሚያወራው። «ትናንት ማታ ያልኩሽን ለሠራተኛዋም ንገሪያት» ይላል። «ከቧንቧው ጠብታ እንዳትቀዳ፤ ለሻይም ቢሆን። ልጆቹም ጥርሳቸውን በታሸገው ይታጠቡ። አደራ፣ ለጎረቤት ደግሞ እንዳታወሪ።» ቀና ሲል ከታች የምትመጣውን ሴት አያት። ስልኩን ኪሱ ከተተና «እንደምን አደርሽ፣ እመት ገጽ!» ብሎ ጥርሱን ብልጭ አድርጎላት መኪናው ወደሚጠብቀው ወረደ። ከከተማ ወጣ ያለ አዳራሽ ውስጥ ስለ ደንበኞች እርካታ የሚመከርበት ስብሰባ ነበረበት። እሷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ትንሽ ቆመች። የቤታቸው ቧንቧ ተበላሽቶ ይሆናል አለች በልቧ፤ ሰው ጠዋት ጠዋት ክፉ ማሰብ አይወድም።

«እመት ገጽ» የሚሏት የውሃ መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ የምትይዘው እሷ ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ የሒሳብ ክፍል ቀልደኛ ነበር፤ እሱ ጡረታ ወጣ፣ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። ክፍሏ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ጀርባ የሚያይ፣ ጠዋትም ማታም መብራት የሚበራበት ጠባብ ነገር ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ወንበር፣ ከጎን ካለው የጥሪ ማዕከል የሚለያት ደግሞ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ። ከማዶ ስልክ የሚመልሱት ሴቶች ሲያስነጥሳቸው «ይማርሽ» የምትለው እሷ ናት። ያን ዕለት ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጦ ጠበቃት፤ ከውሃ ጥራት ክፍል የመጣ ነው። «ከኮረብታው ማጠራቀሚያ የሚሠራጨው ውሃ ከትናንት ጀምሮ ሳይፈላ ለመጠጥ የማይሆን መሆኑ በምርመራ ስለተረጋገጠ፣ ከኮረብታው ሥር ባሉ ሰፈሮች የምትኖሩ ደንበኞች ውሃውን አፍልታችሁ እንድትጠቀሙ እናሳስባለን» ይላል። ከታች የክፍሉ ኃላፊ ፈርማበት፣ በቀይ እስክሪብቶ «ዛሬ ጠዋት ይጫን» ብላ ጽፋለች። እመት ገጽ «ከትናንት» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ የደረጃው ወሬ ትርጉሙ ገባት። ደሟ ፈላ።

ይህ ማስታወቂያ ገጹ ላይ መውጣቱ ለወግ ያህል አልነበረም። አንድ ጊዜ ከስልክ መላሾቹ አንዷ ለአንድ ደንበኛ ያልተረጋገጠ ነገር ተናግራ ትልቅ ጭቅጭቅ ከተነሣ ወዲህ፣ በጥሪ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ የተለጠፈ ሕግ አለ፤ «ገጹ ላይ የሌለ አይነገርም።» ከተማው ደግሞ ውሃ ቢደፈርስበት፣ ቢሸተው፣ ቢጠፋበት የሚደውለው ወደዚያው ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገጹ ላይ ካለ ውሃው ተበላሽቷል፣ ገጹ ላይ ከሌለ ውሃው ደህና ነው። ከግድግዳው ማዶ ገና በጠዋቱ ስልኩ ይጮህ ነበር። «ሽታ አለው አሉኝ? ምንም የተገለጸ ነገር የለም እናቴ። አዎ፣ ደህና ነው።»

እመት ገጽ ማስታወቂያውን ጽፋ ፋይሉን አዘጋጀች። ከዚህ በፊት ሥራው ዓይን አርግቦ እንደ መግለጥ ነበር፤ የድሮውን ፋይል በአዲሱ መተካት፣ በቃ። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» አላት። ደገመችው። ያው። ያን ጊዜ ነው የሰሞኑ መመሪያ ትዝ ያላት። የቢሮው ኢንተርኔት እንደ ኤሊ የሚሄድ ሆኖ ሲያስቸግር ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው ሲመረምር በሥራ ሰዓት ፊልም የሚያወርድ ሰው አገኘ። ሰውየው ማን እንደሆነ ጥበቃዎቹም ያውቃሉ፤ የሚያወርደው በሥራ አስኪያጁ ክፍል ካለው ኮምፒውተር ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ሌላ የሚቀመጥ የለም። እና ኮሚቴው ምን ወሰነ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ፋይል የሚገባበትም የሚወጣበትም በር በመላው ቢሮ ይዘጋ አለ፤ የሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ብቻ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ክፍት ሆኖ ይቆይ አለ። ሥራ አስኪያጁም በደስታ ፈረመበት።

በስልኳ መስመር ከውጭ ልትጭነው ሞከረች፤ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ድርጅት አልቀበልም አላት። እሱም የዚያው ኮሚቴ ሥራ ነው። ከውጭ ሰው እንዳይነካው ተብሎ፣ ድርጅቱ ፋይል የሚቀበለው ከቢሮው መስመር የመጣውን ብቻ እንዲሆን በደብዳቤ ተጠይቆ ነበር። ከቢሮው ብቻ ግባ ይላል ያኛው፤ ከቢሮው አትውጣ ይላል ይሄኛው። ሁለቱንም ቁልፍ የቆለፈው አንድ እጅ ነው፣ ቆልፎም አጨበጨበ።

በሩን የዘጋው የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ምድር ቤት ነው የሚቀመጠው። ከማሽኖቹ ማቀዝቀዣ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ ሹራቡን አያወልቅም። እሱንም ስም አውጥተውለታል፣ «መቀርቀሪያው» ነው የሚባለው።

«ክፈትልኝ፤ ለአምስት ደቂቃ» አለችው።

«ቅጹን ሙይና ሦስት ፊርማ ይዘሽ ነይ።»

«የማን የማን?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ የኦዲት ኃላፊዋ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ።»

«ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሄዷል። የኦዲት ኃላፊዋ እረፍት ወጥታለች። የኮሚቴው ጸሐፊ ሥራ ለቆ ከሄደ ቆየ እኮ!»

«እንግዲያው ሌላ ይሾማ።»

ወረቀቱን የሚጽፍበት ሰሌዳ ላይ አስቀመጠችበት። አነበበው። ደግሞም አነበበው። «የኮረብታው ነው እንዴ?» አለ። «ሰው አሁን እየጠጣው ነው» አለችው። «እኔ ውሃውን አላበላሸሁት። እኔ የታዘዝኩትን ነው የዘጋሁት፣ መመሪያ መመሪያ ነው» አለ ወደ ሌላ እያየ። «መመሪያ ከሆነ የሱን ክፍል ለምን አልዘጋኸውም?» ስትለው አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ መለሰላትና ወደ ማሽኖቹ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጠዋት በመለመን አለቀ። የጥሪ ማዕከሏን አለቃ «እባክሽ ልጆቹ ይናገሩ፣ ፊርማው ይኸው» አለቻት። «ገጹ ላይ አለ?» አለች አለቃዋ። «እየነገርኩሽ፣ በሩ ተዘግቶ እኮ ነው!» «እሱማ ገባኝ። ገጹ ላይ ሲወጣ ንገሪኝ» ብላ የጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ አጠለቀች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ያን ጊዜ ያልተረጋገጠ ነገር ተናግራ ከደረጃዋ ዝቅ የተደረገችው ልጅ የቅርብ ጓደኛዋ ነበረች። እመት ገጽ ሬዲዮ ጣቢያም ደወለች። እዚያ ያለው ሰው በጥሞና ሰምቷት ሲያበቃ «ድረ ገጻችሁ ላይ ሲወጣ ከዚያ ላይ እናነበዋለን» አላት፤ ደግሞም አመሰገናት። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። የጥራት ክፍሏ ኃላፊ ማጠራቀሚያው ጋ ወጥታ ስልክ አይሠራላትም። ወረቀቱ በእጇ ላይ ከመታሸቱ ብዛት ጠርዙ ጨርቅ ሆነ።

ታላቅ እህቷ ከኮረብታው ሥር ነው ቤቷ። ሁለቱ እህትማማቾች የእናታቸው ቁም ሳጥን የማን ይሁን በሚል ከተቀያየሙ ወዲህ ለቀብር ካልሆነ አይገናኙም፤ ሲገናኙም «ደህና ነሽ?» «ደህና»፣ ከዚያ ዝም። እመት ገጽ ደረጃው ጋ ወጣችና ደወለች። «ሚጢ?» አለች እህቷ፤ በልጅነት ስሟ የምትጠራት የቀረች እሷ ብቻ ናት። «እቴቴ፣ የቧንቧውን ውሃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ። አትጠይቂኝ፣ ብቻ እንዳትጠጡ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ መዳፏ አፏ ላይ ነበር። ቦታውም ያው የደረጃው መታጠፊያ ነው። ጠዋት የተጸየፈችውን ሰው ሆና ራሷን አገኘችው። ያፈረችው ያን ጊዜ ነው፤ እፍረቱም ንዴቷን አላበረደላትም፣ ይልቅ አባሰባት። ዘመድ ያለው ያፈላል፣ ዘመድ የሌለው ይጠጣል፤ ይኸው ነው የዚህ ቤት አሠራር አለች።

ከምሳ በኋላ እህቷ መልሳ ደወለች። ከቁም ሳጥኑ ወዲህ በገዛ እጇ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

«ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ ያደረግሽኝ?» አለች። «አንቺ ያልሽኝን ብዬ ለግቢው ሰው ሁሉ ተናገርኩ። እህቴ እዚያ ነው የምትሠራው ብዬ፣ ኮርቼብሽ። አከራዬ ደወሉላችሁ። ‹ምንም የተገለጸ ነገር የለም፣ ውሃው ደህና ነው› ብላችሁ መለሳችሁላቸው። ሰው ሰብስበው በድምፅ ማጉያ አሰሙን። አሁን ወሬ የምነዛ፣ የውሃ ሻጮች ደላላ ሆኜልሻለሁ። የሱቁ ሰውዬ የታሸገውን በአንዴ አስወድዶት ነበርና ‹ከሱ ጋር ተሻርካ ነው› አሉኝ። ጎረቤቴ ፊት ለፊቴ ቀድታ ለልጇ አጠጣችው። ልታሳፍረኝ ብላ፣ እያየኋት!»

«እቴቴ፣ እውነት ነው ያልኩሽ» አለች እመት ገጽ። «እውነት ከሆነ ለምን አትናገሩም?» አለች እህቷና ዘጋችው። ከግድግዳው ማዶ ለስላሳ ድምፅ «ደህና ነው አባቴ፣ ይጠቀሙ» ይላል። እመት ገጽ ተነሣች። ፋይሉን ለወጉ በኪሷ በምትይዘው ፍላሽ ላይ ገልብጣ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

የሥራ አስኪያጁን ክፍል ቁልፍ የሚይዙት ጸሐፊዋ ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል፤ ሁሉም ይፈራቸዋል። ቁልፉን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሹራባቸው ውስጥ ነው የሚደብቁት። «አልሰጥም ልጄ» አሏት ገና ሳትጨርስ፤ «ወንበሩን ሰው ሲነካው ያውቃል።» ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ቃል በቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«ኮረብታው ሥር?»

«አዎ እትዬ።»

«እናቴ እዚያ ናት። አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች፤ መድኃኒቷን በምን የምትውጠው ይመስልሻል?» አሉና ቀና ብለው አዩዋት። «እሱ ይህን ያውቃል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ለሚስቱ ትናንት ማታ ነግሯታል» አለች እመት ገጽ። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደረጃው ላይ ሲደግምላት ሰማሁት።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠዋት እዚህ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ‹እናትዎ እንዴት አደሩ?› ብሎኛል» አሉ። «ደህና አደሩ አልኩት። ‹እግዚአብሔር ይማራቸው› ብሎኝ ወጣ።» ሻዩን ያፈሉለት በታሸገ ውሃ ነበር፤ ጠዋት ራሱ ይዞት መጥቶ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አፍሉልኝ ብሏቸው፣ ጨጓራውን አሞት ነው ብለው አዝነውለት ነበር። እመት ገጽ አንገቷን ደፋች፤ እሷም ብትሆን ከጠዋት ጀምራ እያወቀች ለእትዬ ሳትነግራቸው ውላለች። እትዬ መጀመሪያ እቤታቸው ደወሉና እናታቸውን ለምታስታምመው ልጅ አጭር ቃል ተናገሩ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ለእመት ገጽ ግን አልሰጧትም፤ ራሳቸው ከፈቱት፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ወንበራቸውንም ጎትተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

የክፍሉ ምንጣፍ ጫማ ይውጣል። ጥግ ላይ የታሸጉ ውሃዎች በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፣ ቁልፍ ቃልም አልጠየቃት፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊልም እየወረደ ግማሽ ላይ ደርሷል። ሰውየው ስለ ደንበኞች እርካታ እየተሰበሰበ፣ ከተማው የሚጠጣውን እየጠጣ፣ ፊልሙ ይወርዳል። እመት ገጽ ፍላሿን ሰካችና ፋይሉን ጫነችው። ዓይን ሳይከደን ሄደ። ሙሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ልመና፣ የእህቷ ውርደት፣ የዚያ ልጅ ብርጭቆ፣ ሁሉም ዓይን እስኪከደን ለማይቆይ ነገር ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ እንባዋ መጣ፣ ከንዴት የሚመጣው ዓይነት። ቀና ስትል መቀርቀሪያው በሹራቡ በር ላይ ቆሟል። ፋይል መውጣቱን ማሽኑ ነግሮት ደረጃውን እየሮጠ ነው የመጣው፣ ይተነፍሳል። እሷን አያት፣ ወንበራቸውን ያላነሡለትን እትዬን አያቸው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ፊልም ደግሞ ቆይቶ አየው። ተመልሶ ወረደ።

ክፍሏ ስትደርስ ከግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ ተለውጧል። «አፍልተው ይጠጡ እናቴ… አዎ፣ አሁን ነው የወጣው… ለጎረቤትም ይንገሩ።» አንዷ ስታነብ ሌላዋ ትጀምራለች፣ ስልኩም ፋታ አይሰጣቸውም። አለቃዋ ኮምፔንሳቶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ይሄ ምስጋና መሆኑ ነው። ሬዲዮውም ከዜናው በፊት አነበበው። ትንሽ ቆይቶ እህቷ ደወለች። በዚህኛው ጥሪ ድምፅዋ ላይ ንዴት አልነበረም። «አመኑኝ» አለች። «አከራዬም ይቅርታ ጠየቁኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጎረቤቴ ልጅ ሆዱን ይዞት ወደ ላይ ይለዋል፤ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። በዛሬው ብቻ አይደለም አሉ፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሲያቅለሸልሸው ነበር። ያን ጊዜ ማን ነግሯት ብታውቅ…» አልጨረሰችውም። «እህ» አለች እመት ገጽ።

ወደ መውጫ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው ተመልሶ ከነአቧራው እሷ ክፍል ገባ፤ በዚያ ጠባብ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ነው። መቀርቀሪያውን አስጠርቶ ከኋላው አስከትሎታል፣ እትዬም ሳይጠሩ መጥተው በሩ ጋ ቆመዋል። የቦርድ ሰብሳቢው በሬዲዮ ሰምቶ ደውሎለት ነበር፤ ‹ከትናንት ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት ታውቅ ነበር ወይ?› ብሎት። ሥራ አስኪያጁ አልጮኸም። እንዲህ ያለ ሰው ሲጨንቀው ይለሰልሳል።

«በርቺ፣ ጥሩ ሠርተሻል። ሕዝቡ ማወቅ አለበት» አላት። «አንዲት ነገር ብቻ አስተካክይልኝ። ‹ከትናንት ጀምሮ› የምትለዋን ‹ከዛሬ ጀምሮ› በያት። አንዲት ቃል ናት።»

«አይቻልም» አለች እመት ገጽ።

«እንዴት አይቻልም?»

«በሩ ዝግ ነው። ለማስከፈት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ታዲያ ይሄኛው በምን ተጫነ?»

«ከእርስዎ ክፍል ነው። ከቢሮው ሁሉ ክፍት እሱ ብቻ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ዓይናቸውን አልሰበሩለትም፤ ማቀርቀር የጀመረው እሱ ነው። «እሺ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ነይ እንግዲህ ከዚያው እንቀይረው።»

ይኼኔ መቀርቀሪያው ሳል አለ። «እሱንም ዘግቼዋለሁ» አለ።

«ማን አዘዘህ?»

«መመሪያው። እርስዎ የፈረሙበት። ፊልሙም ቆሟል።»

«ክፈተው!»

«ሦስት ፊርማ።»

«አንዱ ፈራሚ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት» አለ መቀርቀሪያው እጁን ሹራቡ ኪስ ከቶ። «ሁለት ይቀርዎታል።»

ሥራ አስኪያጁ የሚቀመጥበት ፈለገ። ማንም ወንበር አላቀረበለትም፤ ቢያቀርቡለትም ያለው አንዱ በካርቶን የተደገፈው ነው። ይህን ጊዜ የግድግዳው ማዶ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ከስልክ መላሾቹ ትንሿ ናት፣ ጠዋት «ደህና ነው» ስትል የዋለችው።

«አዎ እናቴ፣ አፍልተው… ከትናንት ጀምሮ ነው… አዎ፣ ከትናንት… ትናንት ለምን አልነገራችሁኝም ነው የሚሉኝ?» አለችና ቆመች። ገጹን ከላይ እስከ ታች ስታየው ይሰማል። «እሱ እንኳ ገጹ ላይ የለም፣ እናቴ።»